ኃይሉን ከየት አገኘው?

ስለ ልጆቻችን የኮሚክስና የካርቱን ጀግኖች፣ በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ሰሞን ለወላጆች የተደረገ ንግግር



ከእኔ በፊት የተነሡት ተናጋሪዎች ስለ ዕድራችን፣ ስለ ቤት ግዢና ስለ ጡረታ አስተምረውናል። እኔ ደግሞ የመጣሁት ስለ ሱፐርማን፣ ስለ ስፓይደርማንና ስለ ዘመዶቻቸው ላወራችሁ ነው። ርእሱ ሲነበብ ከኋላ በኩል ሳቅ ሰምቻለሁ። ሳቁ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጉዳዩ የሚያስቅ ብቻ እንዳልሆነ ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

እንደምታውቁት በማኅበራችን የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ልጆቻችን በአምስትና በስድስት ዓመታቸው ይመጡና ፊደል ይቆጥራሉ፤ ሰባትና ስምንት ሲሞላቸው ያነባሉ። አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ሲደርሱ ግን አንድ በአንድ ይጠፋሉ። አንዱ እግር ኳስ አለብኝ ይላል፤ ሌላዋ የቤት ሥራ በዛብኝ ትላለች። እውነቱ ግን የምንሰጣቸው ንባብ ለዕድሜያቸው የማይመጥን መሆኑ ነው። ስለ ላምና ስለ ጥጃ ማንበብ የሰለቸው ልጅ ደብተሩን ገልብጦ በጀርባው ሥዕል ይሥላል። ሥዕሉም ሁልጊዜ ያው ነው፤ ካባ የለበሰ፣ ጭንብል ያጠለቀ፣ ከጣቱ መብረቅ የሚወጣው ሰው።

ይህን ደብተር የሚያዩ ወላጆች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ "ይህማ የሰይጣን ሥራ ነው" ብለው ገጹን ይቀድዱታል፤ ሌሎቹ "ተወው፣ የልጅ ነገር ነው" ብለው ያልፉታል። ሁለቱም ወገኖች ልጁን አንዲት ነገር እንኳ ሳይጠይቁት ነው ፍርድ የሚሰጡት። እኔ ግን አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ለምጃለሁ። "ይህ ሰው ኃይሉን ከየት አገኘው?" እላለሁ። ያን ጊዜ ዝምተኛው ልጅ ሳይቀር አፉ ይፈታል፤ ያውም በአማርኛ። ቃል ሲያጥረው በእጁ ያሳያል፣ እኔ ቃሉን አቀብለዋለሁ፣ እሱም ይቀጥላል። ዛሬም የምመራችሁ በዚሁ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም የእነዚህ ጀግኖች ዓይነት የሚለየው በካባቸው ቀለም ሳይሆን በኃይላቸው ምንጭ ነው።

ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ሱፐርሂሮ የሚለውን አንዳንዶች ልዕለ ጀግና ይሉታል። እኛ በዕድሜ የገፋነው ደግሞ "ልዕለ ኃያል" የሚለውን የምናውቀው አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ሲፋጠጡ ከሬዲዮ ዜና ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪዬ "ልዕለ ኃያሉ በመስኮት ገባ" ብሎ ሲጽፍ የትኛው መንግሥት ይሆን ብዬ ስቄአለሁ። እዚህ ልጆቹ የሚሉትን ሱፐርሂሮን እይዛለሁ። ዓመታቱንም ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ከአሌክሳንድሪያ ልጀምር። የላንድማርክን የገበያ አዳራሽ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በ1965 ተከፍቶ በ2017 መጀመሪያ ገደማ የተዘጋው፣ ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን የክረምት ካፖርታችንን የገዛንበት ነው። በ2018 በሰመር ወራት ይህ ባዶ አዳራሽ ተጠርጎና ተቀብቶ የ1980ዎቹን መደብሮች መስሎ ብርሃን በራበት። የመጣችው ዎንደር ውማን ነበረች። በ2020 በወጣው ፊልሟ ውስጥ ሌቦችን በገመዷ ጠልፋ የምትጥልበት የገበያ አዳራሽ ያው የኛው ላንድማርክ ነው። ከ2022 ጀምሮ አዳራሹ ፈርሷል፤ ልጆቻችን ግን ፊልሙን ባዩ ቁጥር "ይህማ እኛ ሰፈር ነው" ይላሉ።

ዎንደር ውማን በ1941 ስትፈጠር ኃይሏ ከአማልክት የተሰጠ ነበር። ንግሥት እናቷ ልጅ ስላልነበራት ከጭቃ የሕፃን ምስል ሠራች፤ የግሪክ አማልክትም ነፍስ ዘሩበት። በ2011 ደራሲዎቹ ነገሩን ለውጠው የዜውስ ልጅ አደረጓት፤ እኔ ግን የመጀመሪያው ታሪክ ይሻለኛል። እናቲቱ ሸክላ ሠሪ ነበረች ማለት ነው። ይህችን ሸክላ ሠሪ አደራ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልጋታለሁ።

ከላይ በተሰጠ ኃይል የሚሠሩት ብዙ ናቸው። ቶር የሚባለው ባለ መዶሻ እሱ ራሱ የሰሜን አውሮፓውያን የጥንት አምላክ ነው። አንዲት ቃል ሲጠራ አዋቂ ሆኖ የሚበር ልጅም አለ፤ ቃሉ ሻዛም ይባላል፣ ነገሩም ያለ ጥርጥር አስማት ነው። በቀለበት የሚሠራም አለ። በ2001 በጀመረው የጀስቲስ ሊግ ካርቱን አረንጓዴ ቀለበት ያደረገው ጥቁሩ ጆን ስቱዋርት ዛሬ ሠላሳ ዓመት ለደፈኑት ልጆቻችን የልጅነት ጀግናቸው ነው። ቀለበት ኃይል ይሰጣል ሲባል ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰሎሞን በቀለበቱ አጋንንትን አዘዘ ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች ነን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጥራ። ቅዱሳንን ከካርቱን ጋር በአንድ ገበታ ማቅረቤ አይደለም። ነገር ግን አንድ ልጅ በአያቱ ቤት ግድግዳ ላይ ባለ ስድስት ክንፉን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል አይቶ "እኚህስ ኃይላቸውን ከየት አገኙት?" ብሎ ጠይቆኛል። ሌላዋ ልጅ ደግሞ ስለ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስልሳ አንበሶችና ስልሳ ነብሮች ጠይቃኛለች። የእስልምና እምነት ተከታይ የሆነው ጓደኛቸውም አያቱ ስለ ባሌው ሼህ ሁሴን ከራማ የነገሩትን አመጣ። ለሦስቱም የመለስኩት እንዲህ ነው፤ ሱፐርሂሮው መጀመሪያ ኃይል ያገኛል፣ ከዚያ ምን ላድርገው ብሎ ያስባል። ቅዱሱ ሰው ግን መጀመሪያ ምግቡን፣ እንቅልፉን፣ ልብሱን ይተዋል፤ ጸጋው የሚመጣው በኋላ ነው። ልጁ ጥቂት አሰበና "ስለዚህ የማይፈልገው ሰው ነው የሚሰጠው?" አለ። ከአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይህን ስሰማ የዚያን ቀን ደመወዜን እንዳገኘሁ ቆጠርኩት፤ ደመወዝ ባይኖረውም።

ሌላው ዓይነት ኃይሉን ከሌላ ዓለም ይዞት የሚመጣው ነው። የዚህ አባት ሱፐርማን ነው። በ1938 ለሕዝብ ያቀረቡት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች ሲሆኑ ሁለቱም የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። መብቱን ለአሳታሚው የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ያ 130 ዶላር በዓለም ላይ ከተፈጸሙት መጥፎ ንግዶች አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ታሪኩን ስታዩት የስደተኛ ታሪክ ነው። አገሩ ሊጠፋ ሲል ወላጆቹ ሕፃኑን ብቻውን በመንኮራኩር አስቀምጠው ይልኩታል። ካንሳስ ውስጥ ገበሬዎች ያሳድጉታል፤ ካል ኤል የሚባለው ልጅ ክላርክ ኬንት ይባላል። በተወለደበት ዓለም ቢቆይ ኖሮ እንደማንኛውም ሰው ነበር፤ ኃይል የሰጠው የዚህ ምድር ፀሐይ ነው። በኛ ሰው ላይ የደረሰው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በአገሩ መሐንዲስ የነበረው እዚህ መጥቶ የሰው መኪና ሲያቆም ከረመ። ወላጆች በዚህ ቢስቁም ልጆቹ ከሱፐርማን የሚወስዱት ሌላ ነገር ነው። እነሱን የሚይዛቸው የሁለቱ ስም ነገር ነው። በትምህርት ቤት አስተማሪው መጥራት ስላቃተው ስሙን ያሳጠረ ልጅ በክፍሌ ውስጥ አለ። የክላርክ ኬንትን መነጽር ለምን እንደሚወደው ሲያስረዳኝ "እኔም ቤት ስገባ ነው የማወልቀው" አለኝ።

የሚያስቀውንም ልንገራችሁ። በ2003 በጀመረው የቲን ታይታንስ ካርቱን ስታርፋየር የምትባል ከሌላ ፕላኔት የመጣች ልዕልት አለች። ጠላቷን በእጇ ጨረር ታቃጥላለች፤ እንግሊዝኛ ስትናገር ግን ፈሊጡ ሁሉ ይዘበራረቅባታል። አንዲት ተማሪዬ "ልክ እንደ እማዬ ነው የምታወራው" አለችኝ። እናትየው እዚህ ስላለች ስም አልጠራም።

በአጋጣሚ ኃይል ያገኙትን ቶሎ ልለፋቸው፤ ሸረሪት የነከሰችው፣ ጨረር የመታው፣ ጋዝ የተነፈሰ፣ ሁሉም ከ1960ዎቹ የአቶም ፍርሃት ወዲህ የበዙ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ አንዱን ብቻ ላንሣ። በ2018 በወጣው የስፓይደርማን አኒሜሽን ፊልም ላይ ሸረሪቷ የነከሰችው ማይልስ ሞራሌስ የሚባል የብሩክሊን ልጅ ነው። እናቱ ነርስ ናት፤ ቤት ውስጥ ስፓኒሽ ጣል እያደረገች ታናግረዋለች፤ ፊልሙም ንግግሯን በጽሑፍ አልተረጎመውም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን ሆስፒታል አድረው የመጡ ስንት እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ልጆቻቸውም እናታቸው በሰው ፊት በአማርኛ ስትጠራቸው አንገታቸውን ሲደፉ አይቻለሁ። ማይልስ አንገቱን አልደፋም። ይህን ለልጅ በስብከት ልታስረዱት አትችሉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ፤ እርሱም ኃይሉ ከልደት የሆነው ዓይነት ነው። ኤክስ ሜን የሚባሉት በ1963 ነው የታተሙት፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ እዚሁ ዋሽንግተን በሊንከን መታሰቢያ ፊት የተናገረበት ዓመት። እነዚህ ሰዎች ሸረሪት አልነከሳቸውም፣ አምላክም አልቀባቸውም። እንዲሁ ተፈጥረው፣ ወደ ጉርምስና ሲደርሱ አንድ ነገር ይወጣባቸዋል። አንዱ ከዓይኑ ጨረር ይወጣል፣ ሌላዋ ግድግዳ ታልፋለች። ጎረቤትም ይፈራቸዋል፣ መንግሥት ሊመዘግባቸው ይፈልጋል፣ የሚያድናቸው ማሽን ሳይቀር ይሠራባቸዋል። ጥፋታቸው መወለዳቸው ነው።

እኛ ይህን ዓይነት አናውቀውም የምትሉ ካላችሁ አንድ ቃል ልበላችሁ፤ ቡዳ። ዝም አላችሁ። በጎጃምም፣ በጎንደርም፣ በሸዋም ያደግን ሁሉ ሰምተናል። ባለ እጁ፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው በዓይኑ ሰው ይበላል ተባለ። ሌሊት ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለበት ጅብ ታይቷል ተባለ። ጎንደር ውስጥ ብረትና ሸክላ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም ይህ ስም ተለጥፎባቸው ኖረዋል። ማረሻውን ከእሱ ወስደን፣ ምጣዱን ከእሷ ገዝተን፣ ቤታቸው አንበላም፣ ልጃቸውን አናገባም አልን። ነገሩን አስተውሉ፤ ለእነዚህ ሰዎች መልክ የመለወጥ፣ በዓይን የመግደል ኃይል የሰጠናቸው እኛው ነን። ኃይሉን የሰጠናቸው ግን ልናከብራቸው ሳይሆን ከገበታ ልናርቃቸው ነው። ኤክስ ሜንን የደረሱት አሜሪካውያን በአንድ ጋዜጣ መሸጫ ለልጆች የነገሩትን ጉድ እኛ በየመንደራችን ኖረንበታል።

ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። አንዷ እቤቷ ሄዳ አያቷን ጠየቀች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አያትየው ራሳቸው መጡ፤ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆናቸውን ለልጅ ልጃቸው ተናግረው እንደማያውቁ፣ አሁን ግን እንደነገሯት ገለጹልኝ። ፈቃድ ስለሰጡኝ ነው የምነግራችሁ፤ ከየት እንደሆኑ ግን አልናገርም።

ከኤክስ ሜን ውስጥ ስቶርም የምትባለውን ሁሉም ሴት ልጆች ያውቋታል። በ1975 ነው የወጣችው። እናቷ ኬንያዊት፣ አባቷ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ናቸው፤ ዝናምንና ነፋስን ታዛለች። ኬንያ ውስጥ ሳለች ሕዝቡ እንደ አምላክ ይሰግድላታል፤ ያችው ሴት በዚያው ኃይል አሜሪካ ስትመጣ የምትታደን ፍጡር ትሆናለች። ዝናሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው። ጃፓኖችም በናሩቶ ካርቱናቸው ተመሳሳይ ነገር አላቸው፤ ሆዱ ውስጥ ባለ ዘጠኝ ጅራት የቀበሮ መንፈስ የታሰረበት ወላጅ አልባ ልጅ መንደሩ ሁሉ ይሸሸዋል። አውሬው መንደሩን እንዳያጠፋ በዚያ ሕፃን ሆድ ውስጥ እንደታሰረ እያወቁ ነው የሚሸሹት። ልጆቻችን ይህን ካርቱን ለምን በመቶዎች ክፍሎች እንደሚከታተሉት ለሚገረሙ ወላጆች መልሱ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

የኤክስ ሜን ጠላት የሚባለው ማግኒቶም በልጅነቱ ከናዚ የሞት ካምፕ የተረፈ ሰው ነው። "እንደገና ሊያጠፉን ነውና ቀድመን እንምታ" ይላል፤ መምህሩ ኤግዜቪየር ደግሞ "አብረን መኖር እንችላለን" ይላል። በክፍል ውስጥ ልጆቹን ለሁለት ከፍዬ በአማርኛ አከራክሬአቸው ነበር። የደወሉ ሰዓት አልፎ ወላጆች መኪና ውስጥ ጠበቁ። ማን እንደረታ አልነግራችሁም፤ ክርክሩ አላለቀም።

የመጨረሻው ዓይነት ኃይሉን በእጁ የሚሠራው ወይም በገንዘቡ የሚገዛው ነው። ባትማን ምንም ልዩ ኃይል የለውም፤ ሀብታም ነው። አንድ ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ "የሱማ ኃይል የባንክ ደብተር ነው" ብሎ ጨርሶታል። ካፒቴን አሜሪካ በመድኃኒት ነው የጎለበተው፤ በ1940 መጨረሻ በወጣው የመጀመሪያ መጽሔቱ ሽፋን ላይ ሂትለርን በቡጢ ሲመታ ይታያል፤ አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ ሳትገባ። ፋልከን የሚባለው ጥቁሩ ጓደኛው ግን መድኃኒቱን አልወሰደም፤ በብረት ክንፍ ነው የሚበረው። በ2014 በወጣው ፊልም ሁለቱ የሚገናኙት እዚሁ ዋሽንግተን፣ በሊንከን መታሰቢያ ፊት ባለው ኩሬ ዳር ሲሮጡ ነው። በ2025 በወጣው ፊልም ደግሞ ጋሻውን የያዘው እሱ ነው። መድኃኒት ያልወሰደው ሰው ካፒቴን አሜሪካ መሆኑ የልጄን ጓደኞች ሁለት ሳምንት አጨቃጭቋል።

አይረን ማን ብረት ቀጥቅጦ ልብሱን የሚሠራ ሰው ነው። እኛ መንደር ቢወለድ ኖሮ ምን ይባል እንደነበር ታውቃላችሁ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር ስለሰደደ ነው። አዋጁም ሳይነቅለው ቀርቷል።

ብላክ ፓንተር በ2018 የካቲት ሲወጣ ሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ባለው ሲኒማ ቤት የኛ ሰዎች በአገር ልብስ ተሰልፈው አይቻለሁ። ብላክ ፓንተር በ1966 ነው የተፈጠረው፤ ዋካንዳ የሚባል ያልተገዛ የአፍሪካ አገር ንጉሥ ነው። ብዙ አባቶች ከሲኒማው ሲወጡ "ይህማ ዐድዋ ነው፣ እኛ ነን" ሲሉ ነበር። ደስታቸው ይገባኛል። በሩት ካርተር የተሠራው የፊልሙ ልብስም ከብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች የተወሰደ ነው፤ ከአንደኛው የአገር ሽማግሌ ከንፈር ላይ የምታዩት ገል የኦሞ ሸለቆዎቹን ሙርሲና ሱርማ የሚያስታውስ ነው።

ነገር ግን እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነው። የዋካንዳ ኃይል ምንጩ ከሰማይ የወደቀ ብረት ነው፤ ብረቱን የምትሠራው ደግሞ የንጉሡ እህት ሹሪ ናት። ልዕልቲቱ ባለ እጅ ናት! አንጥረኛዋ ቤተ መንግሥት ተቀምጣለች፤ ማንም ቡዳ አላላትም። ያልተገዛ አገር መሆናችንን ለመቁጠር ስንጣደፍ ዋካንዳ የኖረችው በባለ እጆቿ መሆኑን አልፈነው እንሄዳለን። ያችን ከጭቃ ልጅ የሠራች ንግሥት አደራ ያልኳችሁም ለዚህ ነበር። በነዚህ የልጆች ታሪኮች ውስጥ ሸክላ ሠሪዋ ንግሥት ናት፣ ብረት ሠሪዋም ልዕልት።

የራሳችን ሰዎችም ሥራ ጀምረዋል። ብስራት ደበበ የመሠረተው እጣን ኮሚክስ በ2018 "ጀምበር" የሚባል ሱፐርሂሮ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አሳትሟል። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ከኮሌጅ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ከሱፐርማን ይልቅ ለአገራችን ወጣት የሚቀርበው በዚህ ይመስለኛል። ቀጥሎ የመጣችው "ሐዊ" ደግሞ ለእነዚህ ልጆች የተጻፈች ናት ማለት እችላለሁ፤ እመንት ለገሰ ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ስትሄድ እናቷ ይታገቱባታል። አዲስ አበባ ውስጥም "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የሚለውን የልጆች ፕሮግራም የሠራችው የብሩክታዊት ጥጋቡ ድርጅት "ጥበብ ገርልስ" የሚባል አኒሜሽን አዘጋጅቷል። ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ሴት ልጆች ስለ ወር አበባ፣ ስለ ጎጂ ልማዶችና እናቶቻችን በሹክሹክታ እንኳ ስለማያነሷቸው ጉዳዮች በአደባባይ ይናገራሉ። ሥዕሉ ከዲስኒ ሊወዳደር አይችልም ብለው የሚያጣጥሉ አሉ። ዲስኒ ስንት ዓመት እንደሠራ ቆጥረው ቢናገሩ መልካም ነበር።

ባለፈው መንፈቅ ለትልልቆቹ ልጆች አንድ ድርሰት ሰጥቻቸው ነበር፤ የራሳችሁን ሱፐርሂሮ ፍጠሩ፣ ኃይሉን ከየት እንዳገኘውም ጻፉ አልኳቸው። ሁለት ገጽ የጻፈ አለ፤ ከዚያ በፊት ሁለት መስመር ጽፎ የማያውቅ። አንዱ ኃይሉን ከእንጀራ ነው ያገኘው፤ ጤፉ ከጨረቃ ነው የመጣው። ሌላው ጅብ የሚሆን ልጅ ጻፈ፤ መንደሩ ሲያባርረው ሌሊት ሌሊት ያንኑ መንደር ከእውነተኛ ጅቦች ይጠብቃል። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የጻፈችው ሰው ደግሞ እንቅልፍ የማያስፈልገው ነው። ቀን ጋራዥ ውስጥ መኪና ያቆማል፣ ማታ ሆስፒታል ያጸዳል፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጁን አማርኛ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ኃይሉን ከየት አገኘው በሚለው ሥር አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ "አላውቅም፣ ጠይቄው አላውቅም" ይላል። በኅዳጉ ላይ "ጠይቂውና ጨምሪበት" ብዬ መለስኩላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ገጽ ይዛ መጣች፤ ከጅማ ተነሥቶ በሱዳን አድርጎ ሲልቨር ስፕሪንግ የደረሰ ታሪክ። በአማርኛ ነው የጻፈችው፣ ፊደል ግድፈቱ ብዙ ነው፣ አላረምኩትም።

እንግዲህ ኮሚቴውን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በትምህርት ቤታችን አንድ መደርደሪያ ለአማርኛ የሥዕል መጽሔቶች ይሰጠን፤ "ጀምበር"ን ከሌሎች ጋር እናስቀምጥበታለን። አገር ቤት የሚሄድ ሰው በሻንጣው ጥግ ለልጆች የወጣውን ነገር ይዞልን ይምጣ፤ በርበሬው ትንሽ ቢቀንስ አይጎዳም። ሥዕል የሚችል ሰው ካለ ደግሞ፣ እንዳለም አውቃለሁ፣ የልጆቹን ድርሰቶች በሥዕል አውጥተን በማባዣ ማሽን አባዝተን በሚመጣው እንቁጣጣሽ እናከፋፍላለን። የልጅቱንም አምስት ገጽ አባቷ ከፈቀደ እናወጣዋለን፤ እስካሁን ትንሽ እያፈረ ነው።

ቡናው ተፈልቷልና ጥያቄ ያላችሁ እዚያው እየጠጣን እንነጋገር።